ፊደሉን ፎቶ አታድርጉት

አንድ ወጣት ድረ ገጽ መሥራት ተምሮ የመጀመሪያ ደንበኛውን አገኘ እንበል። ደንበኛው ሀዋሳ ውስጥ አነስተኛ የጥርስ ክሊኒክ ያላቸው ሐኪም ናቸው። ወጣቱ በነጻ ከሚገኙት ቴምፕሌቶች አንዱን አወረደ። ከላይ ሦስት ትልልቅ ፎቶዎች እየተንሸራተቱ ይቀያየራሉ። የክሊኒኩ ስም በፎቶዎቹ ላይ በሚያብረቀርቅ ፊደል ተስሏል። የአገልግሎትና የዋጋ ዝርዝሩ ደግሞ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ወረቀት በስልክ ተነሥቶ እንዳለ ተለጥፏል። ሐኪሙ በላፕቶፕ አዩት፣ ደስ አላቸው፣ ከፈሉ።

በሳምንቱ አንዲት ሴት ጥርሷ ሲጠዘጥዛት እኩለ ሌሊት ላይ ስልኳን አንሥታ «የጥርስ ሐኪም ሀዋሳ» ብላ ፈለገች። ክሊኒኩ አልመጣላትም። ለምን ይመጣል? ገጹ ላይ «ጥርስ» የሚል ቃል የለም። ያለው «ጥርስ» የሚል ቃል ፎቶ ነው። ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ለፍለጋ ሞተር፣ ለትርጉም መሣሪያ፣ ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነብ ፕሮግራም፣ ስልክ ቁጥሩን ኮፒ ማድረግ ለፈለገ ሰው ግን ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ዛሬ ድረ ገጽ መሥራት የሚጀምር ሰው ብዙ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ብቻውን የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርትን ስልክና ኢንተርኔት ላለው ሁሉ በነጻ አቅርቧል። ዩቲዩብ አለ፤ በሰከንዶች ውስጥ ሙሉ ገጽ ጽፎ የሚሰጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አለ። ስለዚህ «እንዴት ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይጠፋም። የሚጠፋው «ለማን ይሠራል?» ለሚለው ነው። ትምህርቱም ቴምፕሌቱም የተሰናዳው በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ የቀን አቆጣጠር፣ ርካሽና ፈጣን ኢንተርኔት ላለው ተጠቃሚ ነው። ጀማሪው ያንን እንዳለ ሲገለብጠው ገጹ ያምራል፤ ግን አይሠራም።

ከፎቶው እንጀምር፣ ምክንያቱም ችግሩ የጀማሪዎች ብቻ አይደለም። የሥራ ማስታወቂያ፣ የጨረታ ጥሪ፣ የስም ዝርዝር፣ የፈተና ቀን፣ ሁሉም በዚህ አገር የሚወጣው ማኅተም በተመታበት ወረቀት ነው። ወረቀቱ በስልክ ይነሣል፣ ትንሽ ይንጋደዳል፣ ይለጠፋል። ሰው ይህን የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይታመናል፤ በተራ ጽሑፍ የወጣ ማስታወቂያን ማንም ቀይሮ ሊያሠራጨው ይችላል። ስጋቱ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ ጽሑፉን በጽሑፍ ማስፈር፣ ማኅተም ያለበትን ፎቶ ደግሞ ከሥሩ ለማስረጃ ማስቀመጥ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ የትየባ ሥራ ነው።

በ1990ዎቹ (እንደ አውሮፓውያኑ) ቢሆን ሰበብ ነበር። ያኔ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ላይ ወጥ ቦታ አልነበረውም። እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የራሱን አሠራር ይከተል ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍን በድረ ገጽ ማሳየት የፈለገ ሰው ወይ አንባቢውን «መጀመሪያ ይህን ፎንት አውርድ» ይለዋል፣ ወይ ጽሑፉን ምስል አድርጎ ይለጥፋል። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ያ ዘመን አበቃ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል በመላው ዓለም አንድ ቁጥር አለው። ዛሬ ያለ ፎንት ጭነት አማርኛ የማያሳይ ስማርት ስልክ ማግኘት ይከብዳል። ከጀማሪው የሚጠበቀው በገጹ መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 መቀመጡን የምትናገረውን አንዲት መስመር አለመርሳት ብቻ ነው። እሷ ከተረሳች ያ የድሮው የምልክት ክምር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን እንየው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በስልክ የተነሣ ፎቶ ሳይቀነስ 3 ሜጋ ባይትና ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ያ ፎቶ በጽሑፍ ቢመነዘር አንድ ሚሊዮን ያህል ፊደል ይወጣዋል፤ አንድ የመጽሐፍ ገጽ 1500 ፊደል ቢይዝ ከ600 ገጽ በላይ ማለት ነው። የዋጋ ዝርዝሩ በሙሉ ከ200 ቃል አይበልጥም። ለ200 ቃል የ600 ገጽ መጽሐፍ የሚያህል ሸክም በአንባቢው ዳታ ላይ መጫን በምን ይገለጻል? በዚያ ላይ ሦስቱ ተንሸራታች ፎቶዎች አሉ። 100 ሜጋ ባይት ለቀኑ የገዛ ሰው እንዲህ ያሉ ገጾችን አምስት ስድስት ጊዜ ከከፈተ ጥቅሉን ማገባደድ ይጀምራል። ገጹ ሲጎተት ደግሞ ብዙው ሰው አይጠብቅም፤ ይዘጋል።

ይህ ማለት ፎቶ አይኑር ማለት አይደለም። የክሊኒኩን በር ከመንገድ ሆኖ የሚያሳይ ፎቶ ለሚመጣው ታካሚ ከምንም በላይ ይጠቅመዋል። ግን ፎቶው ወደ 1000 ፒክስል ስፋት ተቀንሶ ሲጨመቅ ከ200 ኪሎ ባይት በታች ሊሆን ይችላል፣ በስልክ ላይ ደግሞ ዓይን ልዩነቱን አይለየውም። መቀነሻው በነጻ ይገኛል። እየተንሸራተተ የሚቀያየረው የፎቶ ረድፍ ግን ቢቀር ማንም አይናፍቀውም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቶ እስኪመጣ የሚጠብቅ ታካሚ የለም።

ዳታ የማያስጨንቃቸው፣ ግን ፎቶው ሙሉ በሙሉ በሩን የሚዘጋባቸው ሰዎችም አሉ። ዓይነ ስውራን ስልክና ኮምፒውተር የሚጠቀሙት ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። በኮምፒውተር ላይ ከሚታወቁት አንዱ ኤንቪዲኤ በነጻ የሚታደል ሲሆን፣ በ2006 የጀመሩት ራሳቸው ዓይነ ስውር የሆኑ አውስትራሊያውያን ናቸው። ኤንቪዲኤ የሚጠቀምበት ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የንግግር ሞተር አማርኛን ከሚያነባቸው ቋንቋዎች መካከል አለው። ድምፁ እንደ ዜና አንባቢ ለዛ አለው ማለት አይቻልም፤ ግን ያነባል። በፎቶ ፊት ግን ዝም ይላል፤ ወይም የፋይሉን ስም፣ አንድ ረጅም ቁጥር፣ አንብቦ ያልፋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ መረጃ ተደራሽ ይሁን ይላል። አንድ ዓይነ ስውር ተመራቂ የሥራ ማስታወቂያን ለማወቅ ዛሬም የሰው ዓይን መለመን ካለበት፣ በእሱና በሥራው መካከል የቆመው አንድ የተንጋደደ ፎቶ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪው ሁለት ትንንሽ ነገሮችን ይልመድ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከሥሩ የማይታይ ገላጭ ጽሑፍ ይኑረው፤ «ፎቶ 1» ሳይሆን «የክሊኒኩ መግቢያ፣ ሰማያዊ በር» ዓይነት። ሁለተኛ፣ ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ በኮዱ ራስጌ ይገለጽ። ብዙ ቴምፕሌት ሲወርድ «እንግሊዝኛ» ተብሎ ነው የሚመጣው። ያ ካልተቀየረ አንባቢው ፕሮግራም አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል፣ ብራውዘሩም ይሳሳታል። ሁለት ፊደል መቀየር ነው ሥራው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ገጹ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ነው። ዲዛይን የሚባለው ነገር ግማሹ ይኸው ነው። በእኛ አገር የተለመደው አሠራር የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጡ»፣ ቀጥሎ የዋና ሥራ አስኪያጁ ፎቶና መልእክት፣ ከዚያ ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴቶች። ስልክ ቁጥሩ ከታች፣ በግራጫ፣ በደቃቅ ፊደል። ሰላምታ መልካም ነው፤ በአካል ለመጣ እንግዳ ቡና ማፍላትም ባህላችን ነው። ጥርሱን ይዞ የመጣ ሰው ግን ራእይ አይጠይቅም። ክፍት ናችሁ? የት ናችሁ? ስንት ነው? በምን ልደውል? የአራቱ መልስ ስልክ ላይ ሳይወርዱ በሚታየው የመጀመሪያ ስክሪን ውስጥ ከገባ ገጹ ሥራውን ሠርቷል።

እነዚህን አራት መልሶች በአማርኛ ገጽ ላይ በትክክል ማስፈር ግን ከሚመስለው በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰዓቱን ብቻ እንውሰድ። «ከ2፡00 እስከ 12፡00» ተብሎ ሲጻፍ ሀዋሳ ያለ ሰው ምንም አይደናገረውም። ዋሽንግተን ሆና ለእናቷ ቀጠሮ ለመያዝ የምትሞክር ልጅ ግን ትደናገራለች፤ በተለይ እዚያው ገጽ ላይ ያለው የጉግል ካርታ ክሊኒኩ 8፡00 ይከፈታል ሲላት። «ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ምሽቱ 12፡00 (በኢትዮጵያ ሰዓት)» ማለት በቂ ነው፤ ውጭ አገር ደንበኛ ያለው ደግሞ ሁለቱንም ይጻፍ። ቀኑ ከዚህ ይብሳል። «10/01/2018» የሚል ማስታወቂያ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፤ በአውሮፓውያኑ ጥር ወይም ጥቅምት 2018ም ሊሆን ይችላል። በመካከሉ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ወሩ በስሙ ይጻፍ፣ «ዓ.ም.» ይጨመር። የፈረንጁን ወር በእኛ ወር ስም መተርጎምም ሌላ ጣጣ ነው። ሴፕቴምበር መስከረም ተብሎ ሲተረጎም የእኛ መስከረም 1 በእነሱ 11 ላይ እንደሚውል ይረሳል፤ በዚህ ምክንያት ቀጠሮ ያለፈው ሰው ጥቂት አይመስልም።

አድራሻም እንዲሁ ነው። ቴምፕሌቱ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥርና ፖስታ ኮድ ይጠይቃል። እዚህ አገር ሰው የሚመጣው በምልክት ነው፤ ከማደያው ፊት ለፊት፣ ከባንኩ ሕንፃ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ይኸው ይጻፍ። ካርታው ይጨመር እንጂ ብቻውን አይተው፤ ካርታው ከባድ ነው፣ ኔትወርክ ሲደክም ባዶ ግራጫ ሳጥን ሆኖ ይቀራል።

ስልክ ቁጥሩ ሲነኩት የሚደውል ሊንክ ይሁን፤ ሊንኩ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያዋ ዜሮ ወጥታ 251 ትግባ፣ ከውጭ የሚደውልም እንዲሠራለት። ቅጽ የሚያዘጋጅ ጀማሪ ደግሞ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፦ በ09 የማይጀምር ቁጥር ሁሉ ስህተት ነው ብሎ የሚመልስ ቅጽ፣ ሳፋሪኮም በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለውን ሰው በሙሉ ያባርራል። የስም ቦታም አለ። ቴምፕሌቱ ስምና የቤተሰብ ስም ይላል። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለው። ለጥርስ ቀጠሮ «ሙሉ ስም» የምትል አንዲት ሳጥን ትበቃለች። የትውልድ ቀን ካላስፈለገ አይጠየቅ። ካስፈለገ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጠገቡ ይጻፍ፤ ብራውዘሩ የሚያወጣው የቀን መምረጫ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅምና።

አሁን ወደ ፊደሉ መልክ። ድረ ገጽ የሚያስተምሩት ትምህርቶች ስለ አማርኛ አያወሩም፤ ስለዚህ ጀማሪው ለላቲን ፊደል የተነገረውን ምክር በግዕዝ ፊደል ላይ ይጭነዋል። የግዕዝ ፊደል ልዩነቱን የሚይዘው በትንንሽ እግሮች፣ ቀለበቶችና ቅጥያዎች ነው። «ኩ» እና «ኪ»፣ «ቡ» እና «ቢ» በደቃቅ መጠን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ብራውዘሮች በተለምዶ የሚጠቀሙት 16 ፒክስል ለእንግሊዝኛ ይበቃል፤ ለአማርኛ 17 ወይም 18 ቢሆን አረጋውያን ያመሰግናሉ። በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተትም ሰፋ ይበል፣ የፊደሉን ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ። ተጨናንቆ የተደረደረ የአማርኛ አንቀጽ ጥቁር ግድግዳ ነው የሚመስለው።

ማድመቅ ሌላው ነው። አቢሲኒካን የመሰሉ ያማሩ ፎንቶች ደማቅ ዓይነት የላቸውም፤ ጀማሪው «አድምቅ» ሲለው ብራውዘሩ ራሱ ፊደሉን እያወፈረ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ «ቀ» እና «ዐ» የቀለም ነጠብጣብ ይመስላሉ። ደማቅ ርዕስ የሚፈልግ እንደ ኖቶ ያለ የተለያየ ውፍረት ያለውን ፎንት ይምረጥ። ፊደልን ማጋደል ጨርሶ ይቅር፤ የግዕዝ ጽሕፈት እንዲህ ያለ ልማድ የለውም፣ አጽንዖት በጥቅስ ምልክትም ይገለጻል። ከሥር ማስመርም እንዲሁ፤ ድረ ገጽ ላይ የተሰመረበት ነገር ሊንክ ነው ተብሎ ይታሰባል፣ ሰው ይጫነዋል፣ ምንም አይከፈትም። ቴምፕሌቶች ርዕስን ከሌላው የሚለዩበት «ሁሉንም በትልቅ ፊደል» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ አማርኛ ላይ ምንም አያደርግም፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንምና። ስለዚህ እንግሊዝኛው ላይ ጎልቶ የታየው ርዕስ በአማርኛ ሲተካ ከአንቀጹ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። በመጠን ይለይ።

አንቀጽን በግራም በቀኝም እኩል ማድረግ ለብዙዎች የክብር ምልክት ነው፤ ከመጽሐፍና ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የመጣ ልማድ ነው። በስልክ ላይ ግን ውጤቱ ያስቃል። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ «እንዲያስተናግዷቸውና» ብቻዋን የስልክን ስፋት ግማሽ ልትይዝ ትችላለች። ብራውዘሩ ቃሉን ሰብሮ ወደሚቀጥለው መስመር ማሳለፍ ስለማያውቅበት በቀሩት ሁለት ቃላት መካከል የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ክፍተት ይተዋል። ከግራ ተጀምሮ በቀኝ እንዳለቀ ቢተው ያነባል። በእንግሊዝኛ በአምስት ፊደል የሚያልቅ የአዝራር ጽሑፍም በአማርኛ ሁለት መስመር ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ይታሰብ።

አጻጻፉም ከመልኩ አይለይም። «ሐኪም» እና «ሀኪም»፣ «ሕክምና» እና «ህክምና»፣ «ዓይን» እና «አይን» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ገጽ ውስጥ ቃል ለሚፈልግ ኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። አንዱ ተመርጦ በገጹ ሁሉ ይጽና። አብዛኛው ሰው ሲፈልግ የሚተይበው ሌላኛውን ከሆነ እሱም አንድ ቦታ በተፈጥሮ እንዲገባ ማድረግ ነውር የለውም። አራት ነጥብም በሁለት ኮለን አይተካ፤ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የራሷ ቦታ አላት።

የቀለሙን ነገር በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ቢሮ ውስጥ ዘመናዊ ይመስላል፤ በቀትር ፀሐይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ግን አይታይም። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል፤ በነጻ የሚለኩ መሣሪያዎች ሞልተዋል። ጥቁር በነጭ ያሳፈረው ሰው የለም።

ስልክን በተመለከተ አንዲት መስመር ሁሉንም ትወስናለች። የገጹ ስፋት ከስልኩ ስፋት ጋር ይስተካከል የምትለዋ መስመር ከሌለች ስልኩ ገጹን የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያለ አስመስሎ ያሳንሰዋል፤ አንባቢው በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ግራና ቀኝ ሲንከራተት ይውላል። የሚነኩ ነገሮችም በአውራ ጣት ልክ ይሁኑ። አፕል 44፣ ጉግል 48 አሃድ ቢያንስ ይላሉ፤ ከዚያ ያነሰ አዝራር ጎረቤቱን ያስነካል። ሊንኩ ላይ «እዚህ ይጫኑ» ከማለት «የዋጋ ዝርዝር» ማለት ይሻላል፤ በጆሮው የሚያነብ ሰው ሊንኮቹን ብቻ ለይቶ ሲሰማ «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» ምን ይነግረዋል?

«ይህ ሁሉ ቀርቶ ደንበኛው እንዲያምር ነው የሚፈልገው» የሚል መልስ ከብዙ ጀማሪ አፍ ይወጣል። እውነት አለው። የሚከፍለው ደንበኛው ነው፤ ደንበኛው ደግሞ የሚያየው በላፕቶፕ፣ በቢሮ ዋይፋይ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ሥራውን ሲያስረክብ ላፕቶፑን ይዝጋ። ዋይፋይ ያጥፋ፣ ርካሽ ስልክ ይስጣቸውና በሞባይል ዳታ ራሳቸው ይክፈቱት። ሁለት ገጽ ሠርቶ ጎን ለጎን ቢያሳያቸው ደግሞ ክርክሩ ያበቃል። ቲም በርነርስ ሊ በ1991 ለሕዝብ ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበር፤ ዛሬም ይከፈታል፣ ያኔ ባልነበሩ ስልኮች ላይ ይነበባል። ከአምስት ዓመት በፊት የተሠሩ ስንት ያማሩ ገጾች ዛሬ ተሰብረዋል?

ሌላው ተቃውሞ «ቴሌግራም እያለ ድረ ገጽ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ራሱ የሚነበበው ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ቴሌግራምን ማጣጣል አይቻልም። ለዛሬ ወሬ የሚስተካከለው የለም። ግን የክሊኒኩ ዋጋ ባለፈው ዓመት ተለጥፎ ከነበረ ዛሬ ከ300 የበዓል መልካም ምኞቶች ሥር ተቀብሯል። ድረ ገጽ የማይንቀሳቀስ ነገር ማስቀመጫ ነው። የአማርኛ መረጃ በኢንተርኔት ሳሳ ብሎ የሚታየው የጻፈ ስለሌለ ብቻ አይደለም። ከተጻፈው ብዙው ሊፈለግ በማይችል ቦታ፣ በማይነበብ መልክ ስለተቀመጠም ነው።

ገጹ ሲያልቅ አንድ ፈተና ይቀረዋል፣ ወጪ የለውም። ኮምፒውተር የማይነኩ አክስት ወይም ጎረቤት ይፈለጉ። «እትዬ፣ እስቲ ነገ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ይፈልጉልኝ» ተብለው ስልኩ ይሰጣቸው። ከዚያ ዝም ማለት ነው። ለጀማሪው ከባዱ ይህ ዝምታ ነው፤ እጁ ይቁነጠነጣል፣ «እዚያ ጋ… ከላይ…» ሊል ያምረዋል። አይበል። ጣታቸው የት እንደሄደ፣ የት ቆመው መነጽራቸውን እንዳስተካከሉ ይይ። «እኔ እኮ አላውቅበትም ልጄ» ካሉ ያላወቀበት ገጹ ነው።

በመጨረሻም ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። የድረ ገጹ ስም፣ ማለትም ዶሜኑ፣ በማን ስም ነው የተመዘገበው? ጀማሪው ለደንበኛው ድካም ላለማብዛት ብሎ በራሱ ኢሜይል ይመዘግበዋል። ዓመት ያልፋል፣ ወጣቱ ስልኩን ይቀይራል ወይም አገር ይለቃል፣ የማደሻ ማስታወሻው ማንም ወደማያየው ኢሜይል ይላካል፣ ስሙ ጊዜው አልፎ ሌላ ይወስደዋል። በዚያ አድራሻ የታተመው የንግድ ካርድና በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ዋጋ ያጣል። ዶሜኑና ሆስቲንጉ በባለቤቱ ስምና ኢሜይል ይመዝገቡ፤ የይለፍ ቃሎቹ፣ የማደሻ ቀኑና ዋጋ እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳይ መመሪያ በአንድ ወረቀት ተጽፈው በሥራው ማስረከቢያ ቀን ይሰጡ። ያ ወረቀት ማኅተም ቢመታበትም አይከፋም።